ርካሽ ማይክሮፎን ከመግዛታችሁና ውስጡን ከማስቀየራችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በድምፅ ሙያ ስላሳለፍሁ፣ መኝታ ቤታቸውን ስቱዲዮ አድርገው መዝሙር፣ ዘፈን ወይም ትረካ የሚቀርጹ ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚጠይቁኝ ስለ ማይክሮፎን ነው። ጥያቄው በሁለት መልክ ይመጣል፤ በትንሽ ገንዘብ የትኛውን ልግዛ? የገዛሁትን ርካሽ ማይክ ውስጡን አስቀይሬ የውዱን ያህል ላደርገው እችላለሁ ወይ? ለሁለቱም የምሰጠው ምክር ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ከቀረጻ በኋላ በኮምፒውተር የሚታረመውን ጉድለት ከማይታረመው ለዩ፣ ገንዘባችሁንም ለማይታረመው አውጡ።

የድምፅ መቅጠንና መወፈር በአብዛኛው ይታረማል፤ በኢኳላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ጥቂት ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል። ከድምፁ ሥር የማያቋርጥ ሽሽታ፣ ግድግዳው መልሶ የላከው ማስተጋባት፣ ከልክ አልፎ የተሰባበረ ድምፅ ግን ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ተዋሕደው ስለሚቀረጹ፣ ማጽጃ ፕሮግራሞች ሲያነሷቸው ከድምፁም ላይ የተወሰነውን ይዘው ይሄዳሉ። ያለ ምንም ወጪ ሊስተካከል ለሚችል ችግር ብር የሚያወጣ፣ የማይስተካከለውን ግን ችላ የሚል ወጣት ሳይ ከልብ አዝናለሁ።

ስለዚህ ክፍሉ ከማይክሮፎኑ ይቀድማል። በኮንዶሚኒየም ክፍል መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ከጭብጨባው በኋላ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከተከተለ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩት ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ማይክሮፎን በዋናነት የሚሰማው ከፊቱ በመሆኑ፣ ጋቢውን ወይም ወፍራሙን ብርድ ልብስ ከዘፋኙ ጀርባና ግራ ቀኝ ስቀሉት፤ የማይኩን ጀርባ ደግሞ ጫጫታ ወደሚመጣበት መስኮት አዙሩት። ጋቢ የሚውጠው መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ስለሆነ የጄነሬተርን ጉርምርምታ ያስቀራል ብላችሁ አትጠብቁ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቀርጽ ሰውም በክረምት ዝናቡ የሚያባራበትን ሰዓት ከመጠበቅ በቀር ሌላ መፍትሔ የለውም።

ኮንደንሰር (ለመሥራት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚፈልገው) ማይክሮፎን የክፍሉን ድምፅ ይሰበስባል፣ ዳይናሚክ (ያለ ኃይል የሚሠራው) ግን አይሰበስብም የሚባለውን ብዙዎቻችሁ እንደ እውነት ይዛችሁታል። አብዛኛው ልዩነት ግን የሚመጣው ከርቀት ነው፤ ሰው ዳይናሚኩን ከከንፈሩ አስጠግቶ ይይዛል፣ ኮንደንሰሩን ግን አርቆ ያቆማል። ከ30 ሳንቲ ሜትር ወደ 15 ብትጠጉ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዲሲቤል ያህል ይጨምራል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቀራል። መጠጋቱ ወፍራሙን ድምፅ ማጉላቱ አይቀርም፤ እሱ ግን ከሚታረሙት ወገን ነው።

ክፍላችሁ ጸጥ ካላለና ገንዘባችሁ ለአንድ ማይክ ብቻ ከበቃ፣ ጥሩ ዳይናሚክ ግዙ እላለሁ። ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1966 ያወጣቸው ኤስኤም57 እና ኤስኤም58 እስከ ዛሬ የሚሠሩት በጥንካሬያቸው ነው፤ ያገለገለ ብትገዙም በአብዛኛው አያሳፍሯችሁም። ድካማቸው የሚያወጡት የኤሌክትሪክ ምልክት አነስተኛ መሆኑ ነው፤ ኤስኤም58 በአንድ ፓስካል የድምፅ ግፊት ወደ 1.85 ሚሊቮልት ሲያወጣ፣ ብዙ ኮንደንሰሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊቮልት ይደርሳሉ። ለስላሳ ድምፅ ስትቀርጹ የኢንተርፌሳችሁን (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን መሣሪያ) ጌይን፣ ማለትም የምልክት ማጉያውን፣ እስከ ጫፍ ማድረስ ግድ ይላችኋል፣ ርካሽ ኢንተርፌስ ከሆነ ደግሞ ሽሽታው ያኔ ይመጣል።

የእነዚህ ማይኮች አስመሳይ ገበያውን ሞልቶታል፤ መርካቶም ብትገዙ፣ ከዱባይ በሰው እጅ ብታስመጡም ያው ነው። እውነተኛው ኤስኤም58 ያለ ገመዱ 298 ግራም ይመዝናል፤ እጀታው ውስጥ ትራንስፎርመር አለ፣ ብዙዎቹ አስመሳዮች ግን ይህን ክፍል ስለሚተዉት ይቀልላሉ። ክብደቱ ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም፣ በሚዛን ላይ ብዙ የጎደለውን ማይክ ባትገዙት ይሻላል።

ስለ ማስቀየር በብዛት የምጠየቀው ቢኤም-800 በሚል ስም በሚሸጠው ርካሽ ማይክሮፎን ምክንያት ነው። አካሉ የትልልቆቹን ስቱዲዮ ማይኮች ይመስላል፤ ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ የኤሌክትሬት (ቋሚ ቻርጅ የያዘ) ካፕሱል፣ ማለትም ድምፁን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ክፍል ነው። ኤሌክትሬት በራሱ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ገርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት እ.ኤ.አ. በ1962 በቤል ላቦራቶሪ የሠሩት ይህ ፈጠራ በእጃችን ላሉት ስልኮች ጭምር መንገድ የጠረገ ነው። የቢኤም-800 ተጠቃሚ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በአሰካኩ ነው፤ አብሮት በሚመጣው ቀጭን ገመድ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ የሚያገኘው ጥቂት ቮልት ብቻ ሲሆን፣ ምልክቱም የሚያልፈው በላፕቶፑ ደካማ የድምፅ መግቢያ በኩል ነው። ባለ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይኩ ገመድ በኩል የሚላክ ኃይል) ካለው ኢንተርፌስ ጋር በትክክለኛው ባለ ሦስት እግር ገመድ ስታገናኙት የሚታየው ለውጥ፣ ብዙዎች ካፕሱል በማስቀየር ከሚያገኙት ይበልጣል። ኢንተርፌሱም ነገ ለምትገዙት ማይክ ያገለግላችኋል።

ባለ 34 ሚሊ ሜትር ትልቅ ካፕሱል ገዝታችሁ በዚያው አካል ውስጥ ለማስገባት ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። ኤሌክትሬት ቻርጁን በራሱ ይዞ ይኖራል፤ እውነተኛው የኮንደንሰር ካፕሱል ግን ከሰርኪዩቱ የሚላክለት ቮልት ይፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜም ከ40 እስከ 60 ይደርሳል። ሰርኪዩቱ ይህን የማይሰጥ ከሆነ፣ ውድ ካፕሱል ብታስገቡም ድምፁ ደክሞ፣ ሽሽታውም ከፍ ብሎ ይሰማችኋል።

ከዚህ ከፍ ያሉት፣ እውነተኛ ትልቅ ካፕሱል ያላቸው ርካሽ ኮንደንሰሮች ሌላ ጠባይ አላቸው። ብዙዎቹ የሚከተሉት የጀርመኑ ኖይማን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ላወጣው ዩ 67 የሠራውን ካፕሱል ነው። ይህ ካፕሱል ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል፣ የዩ 67 ሰርኪዩት ግን ያንኑ መልሶ ይቀንሰዋል፤ ሁለቱ አብረው የታሰቡ ናቸው። አስመሳዮቹ ብዙ ጊዜ ካፕሱሉን ወስደው መቀነሻውን ትተውታል፤ በአማርኛ ስትቀርጹ ሰ፣ ሸ፣ ጸ እና ጨ ጆሮ የሚወጉት ከዚህ የተነሣ ነው። ባለሙያዎች መቀነሻውን በሰርኪዩቱ ላይ ይጨምራሉ፣ ወይም ካፕሱሉን ለስለስ ባለ ይተኩታል። እናንተ ግን አስቀድማችሁ በኢኳላይዘር ከ8 እስከ 10 ኪሎኸርትዝ ያለውን ሦስት አራት ዲሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት፤ ማይኩንም ከአፋችሁ ትይዩ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብሉት። በዚህ ከረካችሁ ማስከፈቱ አያስፈልጋችሁም።

ጉዳዩ የማይኩ የራሱ ሽሽታ ከሆነ ምክሬ ይለወጣል። በገናን የመሰለ ረጋ ያለ መሣሪያ የሚቀርጽ ሰው፣ ከአውታሩ ሥር የምትገባው እንዚራ (ትንሿ የቆዳ ቁራጭ) የምትሰጠውን ንዝረት ሳይጎድል ሊይዘው ይፈልጋል፤ ያ ንዝረት ሲያልቅ ሽሽታ ከተረፈ የበገናው ጸጥታ ተበላሸ ማለት ነው። እዚህ ላይ የማይኩን የራስ ጫጫታ መጠን ከወረቀቱ ላይ አንብቡ፤ እንደ ሮድ ኤንቲ1 ያለው ወደ 4.5 ዲሲቤል ሲሆን፣ ብዙ ርካሾች 20 አካባቢ ይደርሳሉ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ምን ልላክልህ?» ሲላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ቁጥር ነው።

አስቤበታለሁ፣ ልክፈተው የሚል ሰው ከመክፈቱ በፊት ኃይሉን ያቋርጥ። ቲዩብ (በቀድሞ ሬዲዮኖች ውስጥ የነበረውን ዓይነት የመስተዋት አምፖል) ያለበትን ማይክሮፎን ግን ያለ ባለሙያ አትንኩ፤ ኃይል ሰጪው ከ100 ቮልት በላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ሊመታ ይችላል። የካፕሱሉን ስስ ሽፋን በጣት አትንኩ፣ በአፍም እፍ አትበሉበት። ከካፕሱሉ ጋር የሚገናኘው የሰርኪዩት ክፍል የጣት ወዝና እርጥበት ስለማይወድ፣ ከተበየደ በኋላ በአይሶፕሮፒል አልኮል ካልጸዳ መንጣጣት ይጀምራል። የወጣውን ዕቃ አትጣሉት፤ መልሳችሁ ልትፈልጉት ትችላላችሁ።

ማይኩ ከመከፈቱ በፊት አንድ አንቀጽ በተወሰነ ርቀት አንብባችሁ ቅረጹ፤ ከተሠራ በኋላም ያንኑ አንቀጽ፣ በዚያው ክፍልና በዚያው ርቀት ድገሙት። ስታወዳድሩ ሁለቱን ቅጂዎች እኩል ጉልበት ላይ አድርጓቸው፤ ጆሮ በጥቂቱም ቢሆን የጎላውን የተሻለ አድርጎ ስለሚሰማ፣ ይህ ካልሆነ የከፈላችሁበት ለውጥ የድምፅ ጥራት ይሁን የጉልበት ብቻ መለየት አትችሉም።