መልስ፦ በሶሻል ወርክ ተመርቆ የሱስ አማካሪ ለመሆን

እህቴ፣ በሶሻል ወርክ ተመርቄያለሁ፣ ባህር ዳር ሆኜ የሱስ አማካሪ ለመሆን ከምን ልጀምር ብለሻል። ዲግሪሽ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ ከመመዝገብሽ በፊት ግን ሥራውን በእጅሽ አስገቢ።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን ኦዲት የተባለ የአልኮል መጠይቅ ልመጂ። 10 ጥያቄ አለው፣ ከ40 ይያዛል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ለጤና አስጊ አጠጣጥን ያመለክታል። የሚያስቸግረው «ስንት ትጠጣለህ?» የሚለው ነው። የእኛ ሰው ጠላውን በጣሳ፣ ጠጁን በብርሌ፣ አረቄውን በመለኪያ ነው የሚቆጥረው። ምን፣ በምን፣ ስንት ብለሽ ለይተሽ ካልጠየቅሽ ድምሩ ይዛባል።

ቀጥሎ ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ፣ ማለትም ሰውየው ለመለወጥ ራሱ እንዲነሳሳ የሚረዳ የምክር ዘዴ፦ ክፍት ጥያቄ መጠየቅ፣ የሰሙትን መልሶ ማንጸባረቅ። ጀማሪ ገና በመጀመሪያው ቀን «ተው» ይላል፤ ያኔ ሰውየው ለመጠጡ ጠበቃ ይቆማል። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አትለምጂውም፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ያርምሽ።

አደራ፣ በየቀኑ አረቄ በብዛት የሚጠጣን ሰው «ከዛሬ ጀምረህ አቁም» እንዳትዪ። ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው፣ ከ2 ቀን በኋላም ሊያቃዠው ይችላል፤ ሊገድለውም ይችላል። እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት የሚያውቅ ከሆነ ምክሩን አቆዪና ወዲያው ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ላኪው።