ድሩይድን ስለማስታጠቅ፦ ጥያቄና መልስ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስ በሚጫወቱት ጨዋታ ድሩይድን፣ ማለትም የተፈጥሮ ካህኑን፣ ስለማስታጠቅ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የምናገረው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለወጣው የአምስተኛው እትም ሕግ ነው፤ በ2024ቱ ሕግ የምትጫወቱ አስቀድማችሁ ግለጹ።

ጥያቄ፦ ድሩይድ ብረት የማይለብስ ከሆነ ጎራዴ እንዴት ይይዛል?

መልስ፦ የብረት ክልከላው ጥሩርንና ጋሻን ብቻ ይመለከታል። ጎራዴም ማጭድም ከተፈቀዱለት መሣሪያዎች መካከል በስም ተጠቅሰዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ እጄ በትር፣ በሌላው ጋሻ ብይዝ ችግር አለው?

መልስ፦ ሰው ሁሉ ሳንቲሙን ሲቆጥር እጁን መቁጠር ስለሚረሳ ይህን በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። 5 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣው የእንጨት በትር የድግምት መገልገያም (ማለትም ድግምቱ የሚጠይቀውን ቁሳቁስ የሚተካ ዕቃ) መምቻም ይሆናል፤ ሺሌሊ የተባለው ድግምት ሲደገምበት ደግሞ በገጸ ባሕርይዎ የጉልበት ነጥብ ፈንታ በጥበብ ነጥቡ ስለሚመቱና የጉዳቱ ዳይስ ባለ 8 ገጽ ስለሚሆን፣ ጋሻው ከሚጨምረው 2 የመከላከያ ነጥብ ጋር ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጥምረት አላውቅም። ችግሩ ያለው ድግምቱ ላይ ነው። ድግምቱ ቁሳቁስ የሚጠይቅ ከሆነ በትሩን የያዘው እጅ የእጅ ምልክቱንም ይሠራል፤ ምልክት ብቻ ጠይቆ ቁሳቁስ የማይጠይቅ ከሆነ ግን ባዶ እጅ ያስፈልግዎታል፤ ስለዚህ ዋር ካስተር የተባለውን ልዩ ችሎታ እስኪያገኙ ድረስ በትሩን ለአፍታ መጣል ግድ ይሆናል። ዋጋ የተቆረጠለትን ቁሳቁስ ደግሞ ምንም በትር አይተካውም።

ጥያቄ፦ ጥሩው ትጥቅ የትኛው ነው?

መልስ፦ በስንተኛ ደረጃ? በየትኛው ሕግ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ተራው የቆዳ ጥሩር ይሻላል ወይስ የወፍራም ቆዳው?

መልስ፦ ሁለቱም 10 የወርቅ ሳንቲም ናቸው። ተራው 11 የመከላከያ ነጥብ ላይ የቅልጥፍና ጭማሪዎን በሙሉ ይደምራል፤ ወፍራሙ 12 ላይ ቢበዛ 2 ብቻ ይደምራል። ቅልጥፍናዎ 3 ሲጨምርልዎ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ በታች ወፍራሙ ይበልጣል።

አንድ አባል፦ ምስማር የተመታበት የቆዳ ጥሩር ከሁለቱም የተሻለ ሆኖ ሳለ ለምን ይዘለላል?

ሌላ አባል፦ ምስማሩ ብረት ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ ጥሩሩ የተሠራው ከቆዳ ነው፤ ጥቂት ምስማር የብረት ጥሩር አያደርገውም። እንዲያ ከሆነ የቀበቶ ዘለበትም ይከልከል።

መልስ፦ ይህን የሚቆርጠው የጨዋታችሁ መሪ ስለሆነ ሳትጠይቁት አትግዙ። ዋጋው 45 ነው፤ የድሩይድ መነሻ ገንዘብ ደግሞ ሁለት ባለ 4 ገጽ ዳይስ ተጥሎ በ10 የሚባዛ፣ በአማካይ 50 ሳንቲም ነው። በ2024ቱ ሕግ የብረት ክልከላው ስለተነሣ ክርክራችሁ ለዚያ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ወደ አውሬ ስለወጥ ትጥቄ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከ2ኛ ደረጃ ጀምሮ በሚገኘው በዚህ ችሎታ ትጥቅዎ መሬት ላይ እንዲወድቅ፣ ከአካልዎ ጋር እንዲዋሐድ፣ ወይም አውሬው ሊለብሰው ከቻለ እንዲለብሰው ይመርጣሉ። የተዋሐደ ዕቃ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ድብ ስሆን የተዋሐደው ጋሻዬ 2 ነጥቡን ይሰጠኛል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ። የተዋሐደ ዕቃ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ካባው አረንጓዴ ቢሆን ይሻላል ወይስ ቡናማ?

መልስ፦ የወደዱትን።