ከበረሃ ደጋ የወጣ ወይፈን ለምን ያለከልካል?

ጥያቄው የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከስናን ወረዳ ነው። «ከአባይ በረሃ ወይፈን ገዝቼ በሁለት ቀን ነድቼ ጮቄ ሥር አወጣሁት። እንደደረሰ ክፉኛ አለከለከ፤ ቆይቶ ቀነስ አለለት። አሁን አራተኛ ቀኑ ነው፤ ቆሞ እያለ እንኳ ትንፋሹ ፈጣን ነው። ይበላል፣ ያመሰኳል። ጎረቤቴ ሳምባ ነው ይላል፤ አንድ መድኃኒት ሻጭ ደግሞ የሚያረጋጋ መርፌ ይወጋ አለኝ። ምን ይሻለኛል?»

ጋሼ፣ ከመርፌው ልጀምር፤ አያስወጉት። ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

ደጀን ግድም የአባይ ሸለቆ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ነው። እርስዎ ያሉበት ወደ 3,000 ይጠጋል። ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ በሁለቱም ቦታ 21 በመቶ ነው፤ ደጋ ላይ ግን አየሩ ራሱ ይሳሳል። ወይፈንዎ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን በረሃ ሳለ ይስበው ከነበረው አንድ አምስተኛ ያህል ጎድሏል።

ጉድለቱን ቀድሞ የሚያውቀው ሳምባው አይደለም። አንገቱ ውስጥ ወደ ራስ የሚወጣው ትልቁ የደም ስር ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ በግራም በቀኝም አንዳንድ ትንሽ ቅንጣት አለች፤ ካሮቲድ አካል ትባላለች። ደሙ ኦክስጅን ሲያንሰው ኤቲፒ የተባለ ኬሚካል ለቅቃ ነርቩን ትቀሰቅሳለች። ነርቩ ወሬውን ለአንጎል ግንድ ያደርሳል፤ እዚያ ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ ይለቀቅና «ቶሎ ቶሎ ተንፍስ» የሚለው ትእዛዝ ወደ ደረትና ወደ ጎድን ጡንቻዎች ይወርዳል።

ልጓምም አለው። ማለክለኩ የቀነሰው በዋናነት ከመንገድ ስላረፈ ነው፤ ግን አንጎል ራሱም በደቂቃዎች ውስጥ ጋባና አዴኖሲን በሚባሉ ሌሎች መልእክተኞች ትንፋሹን ይገታል። ይህ ልጓም በአዲስ ውልድ ላይ እጅግ የጠነከረ ነው። አየር ያጠራት ግልገል ብዙ ሳታለከልክ ጸጥ ብላ የምታልፍብን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ስለዚህ እንደተወለደች አፍና አፍንጫዋን ጠርገው በገለባ ማሸት አይዘንጉ። (ካፌይን አዴኖሲንን ስለሚያግድ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በሐኪም ይሰጣል። ይህን ሰምተው ለወይፈኑ ቡና እንዳያፈሉለት አደራ!)

ከዚያ በቀጣዮቹ ቀናት ያቺ የአንገት ቅንጣት ይበልጥ ንቁ ትሆናለች፤ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትም ትእዛዙን ያበረታሉ። በአራተኛው ቀን ትንፋሹ መፍጠኑ እንግዲህ መልመዱ ነው። ለማረጋጋት የሚወጋው ዛይላዚን ግን የኖርአድሬናሊንን መለቀቅ ይቀንሳል፤ ከብት ደግሞ ለዚህ መድኃኒት ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ስስ ነው። በገዛ እጃችን ትንፋሹን ማፈን ይሆናል።

የጎረቤትዎን ስጋት ግን አልንቀውም። ጠዋት ጥላ ውስጥ ቆሞ ሳለ ጎኑን እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ያረፈ ከብት ከ10 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል። ከዚያ ትንሽ ቢያልፍና በየቀኑ ቢወርድ አያስጨንቅም። ካሳለ፣ ካተኮሰው፣ የፊት እግሮቹን ከፍቶ አንገቱን ዘርግቶ ከቆመ የሳምባ በሽታ ይጠረጠራል። ያ በሽታ ከከብት ወደ ከብት የሚተላለፍና ሳይታይ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት የሚቆይ ስለሆነ፣ አሁን ደህና ቢመስልም ከሌሎቹ ለይተው ይሰሩት፤ ገንዳውም የብቻው ይሁን።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ገንዲ የሚባለው፣ ዝንብ የምታስተላልፈው የከብት በሽታ ነው። በረሃው የቆላ ዝንብ አገር ነው፤ ገንዲ ደግሞ ደም ያሳሳል። ደሙ የሳሳ ከብት ስስ አየር ሲጨመርበት ሁለት ጊዜ ተጎዳ ማለት ነው። የዐይኑን ቆብ ገልብጠው ይዩ፤ ከቀይነት ይልቅ ከነጣ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ደሙን ይመርምርልዎ።

ፍርምባው ሥር እብጠት ካዩ፣ ወይም የአንገቱ የደም ስር ተገትሮ ከታየዎ፣ ልቡ ከብዶታልና ሐኪም ጠርተው በዝግታ ወደ ወይና ደጋ ያውርዱት። ይህ ሁሉ ከሌለ ውኃና ድርቆሽ አይጉደልበት፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ግን ቀንበር አይጫንበት፣ እርሻው ቢያጣድፍዎም እንኳ።