ስለ ዩጀኒክስ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ ዘረመል አስተምራለሁ። ሰሞኑን ስለ ቅድመ ወሊድ ምርመራ ባደረግነው ክርክር ላይ አንድ ሰው «ይህ እኮ ዩጀኒክስ ነው» ብሎ ከጻፈ ወዲህ የውስጥ መስመሬ በጥያቄ ተጨናንቋል። ዩጀኒክስ ማን ይውለድ፣ ማን አይውለድ ብሎ በመምረጥ የሰውን ዘር «እናሻሽላለን» የሚል አስተሳሰብ ነው። እዚሁ በአደባባይ ብንነጋገር ይሻላል ብዬ የተላኩልኝን ሰብስቤ አቀረብኩ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ተማሪ)፦ ዩጀኒክስን የጀመረው ሂትለር ነው አይደል?

አይደለም ወንድሜ። ሂትለር ገና ሳይወለድ፣ በ1883፣ ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው፤ የቻርልስ ዳርዊን ዘመድ። ፈረስና ውሻ እየተመረጠ እንደሚዳቀል ሁሉ የሰውም ዘር በምርጫ ይሻሻል የሚል ሐሳብ ነበረው። በጊዜው እንደ እብድ የቆጠረው የለም፤ እንዲያውም የተማረው ሰው ፋሽን ነበር። ሐኪሙ፣ ዳኛው፣ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሩ፣ ግራ ዘመሙም ቀኝ ዘመሙም ተቀብሎታል።

ወደ ሕግ የለወጡት ግን አሜሪካኖች ናቸው። ኢንዲያና የተባለችው ግዛት በ1907 ሰውን በግዴታ የማምከን ሕግ አወጣች። በ1910 ኒው ዮርክ ውስጥ ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር በሚባል ቦታ የዩጀኒክስ መዝገብ ቤት ተከፈተ፤ ከሀብታም ቤተሰቦችና ከትልልቅ በጎ አድራጎት ተቋማት ገንዘብ ይፈስለት ነበር። ከ60,000 በላይ አሜሪካውያን እንዳይወልዱ ተደርገዋል። ጀርመን በ1933 ሕጓን ስታወጣ የአሜሪካኖቹን ረቂቅ አይታ ነው፤ የረቂቁን ጸሐፊ ሃሪ ላፍሊንን የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በ1936 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። በዚያ ሕግ ወደ 400,000 ሰው መከነ። ከ1939 ጀምሮ ደግሞ ከማምከን አልፈው ወደ ግድያ ገቡ፤ መጀመሪያ የተገደሉት አካል ጉዳተኞችና የአእምሮ ሕሙማን ናቸው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ጭካኔውን እንተወውና፣ ስሌቱ ልክ አይደለም ወይ? በሽተኛው ካልወለደ በሽታው ይጠፋል። አያቴም «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ።

ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ክፉ ነበር ግን ይሠራ ነበር» ብሎ በልቡ ያስባል። አይሠራም።

አንድ በሽታ የሚታየው ልጁ ችግር ያለበትን ዘረመል (ጂን) ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ብቻ ነው እንበል። ብዙ የዘር በሽታዎች እንዲህ ናቸው። ከ10,000 ሰው አንዱ ይታመማል። ታዲያ ያንን ዘረመል በአንድ ወገን ብቻ የያዙ፣ ራሳቸው ጤነኛ ሆነው ለልጅ የሚያስተላልፉ ስንት ናቸው? ከ50 ሰው አንድ ገደማ። ከ10,000 ሰው ማለት ወደ 200። መንግሥት አንዱን ታማሚ ይዞ ያመክናል፤ ሁለት መቶዎቹ ሰርግ ይደግሳሉ። ከመካከላቸው ዳኛውም፣ ሐኪሙም፣ ሕጉን ያረቀቀውም ሊኖሩበት ይችላሉ።

ስሌቱን እስከ መጨረሻው ብንወስደው፣ በየትውልዱ አንድም ታማሚ ሳይቀር ቢመክን እንኳ በሽታው ከ10,000 አንድ ወደ 40,000 አንድ ለመውረድ 100 ትውልድ ይፈጃል። ትውልዱን 25 ዓመት ብናደርገው 2,500 ዓመት። ከዛሬ 2,500 ዓመት በፊት የአክሱም መንግሥት ገና አልተመሠረተም። በዚያ ላይ አዳዲስ የዘረመል ለውጦች በየትውልዱ ይፈጠራሉ። የስሌቱ መሠረት ደግሞ ከ1908 ጀምሮ ታትሞ የሚታወቅ ነው። ሕጎቹ አብዛኛዎቹ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እያወቁ ለምን ቀጠሉ ብትለኝ፣ የሚፈልጉት በሽታን ማጥፋት ሳይሆን ድሃን፣ ስደተኛንና ጥቁርን መቀነስ ስለነበር ነው እላለሁ።

የአያትህ ተረት ስለ ጠባይ ከሆነ፣ አያትህን አልሟገትም።

ጥያቄ (የሕግ ባለሙያ)፦ ፍርድ ቤት ምን ይሠራ ነበር?

ማምከን ይቻላል ብሎ ፈረደ። 1927፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ 8 ለ 1። ኬሪ በክ የምትባል የቨርጂኒያ ድሃ ልጅ ናት። ካሳደጓት ቤተሰብ ዘመድ ተደፍራ አረገዘች፤ ቤተሰቡ «አእምሮዋ ደካማ ነው» ብሎ እናቷ ወደነበረችበት ተቋም አስገባት። ዳኛ ሆልምስ የእናትየዋን፣ የልጅቱንና የሕፃኗን ነገር ደምረው «የጅሎች ሦስት ትውልድ ይበቃል» ብለው ጻፉ። ሕፃኗ ቪቪያን ስትመዘን ገና የወራት ልጅ ነበረች፤ የመዘኗት ሠራተኛ «ፍጹም ጤነኛ አትመስልም» ብላ ነው የመሰከረችው። ቪቪያን ትምህርት ቤት ገብታ ከጎበዞች ዝርዝር ላይ ስሟ ወጥቷል። በ8 ዓመቷ ታማ ሞተች። የኬሪ ጠበቃ ደግሞ ከከሳሾቹ ጋር ወዳጅ ነበር፤ አንድም ምስክር አላቀረበም። እርስዎ የሕግ ሰው ነዎትና ይህንን መዝገብ ፈልገው ቢያነቡት አይቆጩም። ቨርጂኒያ ሕጉን የሻረችው በ1974 ነው፤ አገረ ገዢው ይቅርታ የጠየቁት በ2002።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጣሊያንስ? እኛ ጋ እኮ አምስት ዓመት ተቀምጧል።

ጣሊያኖች በማምከን አልገፉበትም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1930 አውግዛዋለች፤ ሙሶሊኒም ቢሆን ብዙ ወታደር እንዲወለድለት ይፈልግ ነበር። የእነርሱ ጭንቀት የዘር መደባለቅ ነው። በ1937 የወጣው ድንጋጌ ከአበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰር ይላል። በ1938 «የዘር ማኒፌስቶ» የሚባለውን ከፈረሙት ሊቃውንት አንዱ ሊዲዮ ቺፕሪያኒ፣ አፍሪካውያንን እየለካ የፊታቸውን ቅርጽ በጄሶ ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው። በ1940 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «የኔ ነው» ብሎ እንዳያስመዘግብ ተከለከለ። ዛሬ ማኪያቶ የምንጠጣባቸው የፒያሳ ሕንፃዎች ሲገነቡ የነበረው አስተሳሰብ ይህ ነው።

ጥያቄ (ከወለቃ መንገድ)፦ ሩቅ አገር አትሂዱ። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ነው፣ ዘሩ ነው» ስንል የኖርነው እኛ አይደለንም ወይ?

ነን። ቤተ እስራኤሎችም በዚሁ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ የሠሩትን ማረሻና ጀበና እየገዛን ጋብቻ ከልክለናቸዋል። ዩጀኒክስ ብዬ አልጠራውም፣ መዝገብና ላቦራቶሪ ያለው የመንግሥት ፕሮግራም አልነበረምና። ሐሳቡ ግን ዘመዱ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ አንድ ጥናት ላካፍልህ። በደቡብ ያሉት አሪዎች መካከል ቀጥቃጮችና አራሾች አይጋቡም። ቀጥቃጮቹ ከሌላ የመጡ፣ የተለየ ዘር ናቸው የሚል ግምት በምሁራንም ዘንድ ነበር። በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን አሳየ። የሚታየው ልዩነት የመጣው ቀጥቃጮቹ ተገልለው፣ በጥቂት ሰው መካከል ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው ነው። ማለትም የተገለሉት ስለተለዩ አይደለም፤ የተለዩት ስለተገለሉ ነው። ክፍል ውስጥ ይህንን ሳስተምር ሁልጊዜ ዝምታ ይሆናል።

ጥያቄ (ስሜ ይቅር)፦ የእጮኛዬ አባት ዝሆኔ አለባቸው። ቤተሰቦቼ «በዘር ይመጣል» ብለው ሽምግልናውን ሊመልሱ ነው።

እህቴ፣ ይህን ለቤተሰብሽ አንብቢላቸው። ትንኝ ከሚያመጣው ሌላ፣ በደጋው ያለው የእግር እብጠት መነሻው ቀይ አፈር ነው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲኬድ ከአፈሩ የሚገቡ ደቃቅ ነገሮች እግሩን ያስቆጡታል። እውነት ነው፣ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ይበልጥ ተጋላጭ ነው፤ በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ጥናት ከሰውነት መከላከያ ዘረመሎች ጋር ግንኙነት አግኝቶበታል። ነገር ግን ተጋላጭነቱ ያለው ሰው ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን በሳሙና ከታጠበ አይታመምም። እጮኛሽ ጫማ ያደርጋል? ልጆቻችሁም ያድርጉ። እርሳቸውም ቢሆኑ በየቀኑ እግራቸውን ቢታጠቡ፣ ቅባት ቢቀቡና ቢጠቀልሉት እብጠቱ ይቀንስላቸዋል። መድኃኒቱ ጫማ ሆኖ ሳለ ሰርግ ማፍረስ ምን ይሉታል!

ጥያቄ (ቀሲስ)፦ ሰባት ቤት መቁጠራችንስ እዚህ ውስጥ ይገባል?

አይገባም አባቴ። ሰባት ቤት «ከዚህች ጋር አትጋባ» ይላል እንጂ «አንተ መወለድ አልነበረብህም» አይልም። በጤናም በኩል ይጠቅማል፤ የአጎትና የአክስት ልጆች ሲጋቡ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ የሚታየው ዓይነት በሽታ በልጅ ላይ የመውጣት ዕድሉ ከፍ ይላል።

ጥያቄ (ነፍሰ ጡር፣ 40 ዓመቴ ነው)፦ ዳውን ሲንድሮም እንዳለ ልመርመር ብል ዩጀኒስት ነኝ?

አይደሉም። ማወቅ መብትዎ ነው። በ40 ዓመት ዕድሉ ከ100 አንድ ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከዘር የሚወረስ አይደለምና «የማን ወገን አመጣው» የሚል ወቀሳ ቦታ የለውም።

እኔን የሚያሳስበኝ እርስዎ ሳይሆኑ ዙሪያዎ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን የሚነግርዎ እንዴት ነው? «ያሳዝናል» ብሎ ይጀምራል? ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ያገናኝዎታል? ትምህርት ቤትና ድጋፍ በሌለበት «ምርጫው የእርስዎ ነው» ማለት ምን ያህል ምርጫ ነው? አስገዳጅ ሕግ ሳይኖር በጫና ብቻ ሁሉም አንድ ዓይነት ውሳኔ ላይ ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር እንለያያለን፤ «ማንም አላስገደደም» ካሉ ነገሩ ያለቀ የሚመስላቸው አሉ። ለእኔ አላለቀም።

ጥያቄ፦ ከናዚ በኋላ ቆመ?

የት ይቆማል። ስዊድን እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ወደ 63,000 ሰው አምክናለች፤ የካናዳዋ አልበርታ ሕጓን የሻረችው በ1972 ነው። ጃፓን ደግሞ ሕጓን ያወጣችው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ የሻረችው በ1996 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ «ከመነሻውም ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነበር» ያለው በ2024።

ጥያቄ፦ ቻይናዊው የሠራቸው ሕፃናትስ?

ሄ ጂያንኩይ የሚባል ተመራማሪ ነው። በ2018 ዘረመላቸው በፅንስነት የተቀየረ መንትዮች መወለዳቸውን አስታወቀ፤ ኤችአይቪ እንዳይዛቸው ነው አለ። አባትየው ቫይረሱ ስላለበት ነው ምክንያቱ፤ ከአባት እንዳይተላለፍ ግን ቀድሞውኑ ቀላል ዘዴ አለ። ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

ጥያቄ (ከጠዳ)፦ ለዘረመል ጥናት ደም ስጡ እያሉን ነው። እንስጥ?

ለዘረመል ጥናት ደም ከሰጠው የዓለም ሕዝብ አብዛኛው የአውሮፓ ዘር ነው፤ እኛ ካልገባንበት መድኃኒቱም ምርመራውም በእነርሱ ልክ ይሰፋል። ስለዚህ መስጠቱን እደግፋለሁ። ግን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፦ ጥናቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል? ደሜ ከአገር ይወጣል? ለሌላ ጥናት ይውላል? ነገ ሐሳቤን ብለውጥ መውጣት እችላለሁ? ቅጹ በአማርኛ ይሁን፣ ቤት ወስደው ከሚያምኑት ሰው ጋር ያንብቡት። «አሁኑኑ ፈርሙ» ካሏችሁ አትፈርሙ፤ የኮሚቴውን ስልክ ቅጹ ላይ ታገኛላችሁ፣ ደውሉ።