የሰው ፕሮግራም መጠገን ሲቪ ላይ ይጻፋል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከፖሊ ግቢ ነው። ልጁ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ሊኑክስ ለሚባለው ስርዓተ ክወና ብቻ የተሠራ አንድ የባክአፕ (የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ) ፕሮግራም ፎርክ አደረገ፤ ማለትም ኮዱን ቀድቶ ለብቻው ማሻሻል ጀመረ። በዊንዶውስ እንዲሠራ 23 ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ጨመረበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲንከባከበው ቆይቷል። ጊሽ ዓባይ በኩል ያለች አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤትና ሁለት ትምህርት ቤቶች ይጠቀሙበታል። ጓደኞቹ ግን «የራስህ የሆነ ምን ሠራህ?» ይሉታል። «ጋሼ፣ ይህን ትቼ የራሴን አፕ ልሥራ ወይስ ልቀጥል? ለቀጣሪስ ምን ብዬ ላስረዳ?» ይላል።

ወንድሜ፣ አትተወው። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም። የላክህልኝን ኮድ ከፍቼ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ከሁሉም የያዘኝ ሰባተኛው ፓች ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት «ግማሹ ፋይሌ ባክአፑ ውስጥ የለም» ብላ ጠራችህ። ሄደህ ስታይ የጎደሉት በአማርኛ የተሰየሙት ብቻ ናቸው። «የሰርግ ጥሪ» የሚለውን ፋይል ፕሮግራሙ «???? ??» ብሎ ያነበዋል፤ በዚያ ስም ሊከፍተው ሲሞክር ያጣዋል፤ ዘልሎት ያልፋል። ምክንያቱን አገኘኸው። ሊኑክስ የፋይል ስምን የባይት ተራ አድርጎ ስለሚይዝ ፊደላችን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል መጻፊያ ዘዴ እንዳለ ያልፋል። ዊንዶውስ ደግሞ ስሙን በዩቲኤፍ-16 ነው የሚያስቀምጠው። በድሮው መንገድ ከጠየቁት ወደ ኮምፒውተሩ ኮድ ፔጅ (የቆየ የፊደል ሠንጠረዥ) ለውጦ ይሰጣል፤ በተለመዱት ኮድ ፔጆች ውስጥ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለም። የፕሮግራሙ ባለቤቶች ይህን አያውቁም ነበር። አንተ ደርሰህበት አስተካከልከው። ይህን የሠራ ልጅ «ምን ሠራህ?» ሊባል አይገባም።

ደግሞም ተቀጥረህ ስትገባ ባዶ ፋይል ከፍተህ «በል ጻፍ» የሚልህ ጥቂት ነው። ሌላ ሰው የጻፈውን ታነባለህ፣ ትጠግናለህ፣ ሳይሰበር ወደ አዲስ ቨርዥን ታሻግራለህ። በዓለም ዙሪያ በዊንዶውስ ላይ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ መሣሪያ) የሚጠቀመው ገንቢ አብዛኛው የሚሠራው በፎርክ ነው። ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ከርነል (ለስርዓተ ክወናው እምብርት) ሥራ ጀመረው። «ጊት ፎር ዊንዶውስ» ደግሞ በላዩ የተደረደረ የፓች ክምር ነው፤ ዋናው ጊት አዲስ ሪሊዝ ባወጣ ቁጥር ፓቹን አንስተው በአዲሱ ላይ መልሰው ይደረድሩታል። አንተ በትንሹ የምትሠራው ይህንኑ ነው።

አሁን የማይጥምህን ልንገርህ። 23 ፓች ብዙ ነው። በደብዳቤህ ላይ ቁጥሩን በኩራት ነው የጻፍከው፤ እኔ ግን 6 ቢሆን የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር። ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አይተሃል። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ እየከበደ ይሄዳል። ፎርክም እንደዚያ ነው። ዋናው ፕሮጀክት የሚቀበለውን ፓች ሁሉ ወደዚያ ላክ። አንድ ላይ አትላክ፤ አንብቦ የሚጨርስልህ የለም። አንድ በአንድ ላክ፣ ችግሩን ከሚያሳይ ቴስት ጋር። ሰባተኛውን በቅድሚያ ላከው። የጃፓኑም የግሪኩም ተጠቃሚ በእሱ ይድናል።

መላክ ሌላም ጥቅም አለው፤ ኮዱን ከአንተ በላይ የሚያውቅ ሰው ያይልሃል። በ2006 እ.ኤ.አ. ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ውስጥ ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለውን የምስጢር መጠበቂያ ፓኬጅ የሚይዝ ሰው፣ የቴስት መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ስላበዛበት ከኮዱ ትንሽ ቀነሰ። የቀነሰው ለምስጢር ቁልፍ ዘፈቀደነት የሚሰጠውን ክፍል ነበር። እስከ ግንቦት 2008 ድረስ በዴቢያንና ከእሱ በተወለደው በኡቡንቱ የተሠሩት ቁልፎች በአንድ የኮምፒውተር ዓይነት፣ ለአንድ የቁልፍ ዓይነትና መጠን ወደ 32,768 ገደማ ብቻ ሆኑ። ያን ያህል ቁልፍ ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ ይቆጥረዋል። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ፓቹ በዋናው ፕሮጀክት በኩል በደንብ ተገምግሞ አለማለፉ ነው ጉዱ።

እኔም በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ። አንድ ባለሙያ የሒሳብ ፕሮግራሙን እንደፈለገው አስተካክሎ፣ ምን እንደነካ ሳይጽፍ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ አፕዴት ለማድረግ የደፈረ አልነበረም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፓች ራስ ላይ ሦስት መስመር ጻፍ፦ ለምን አስፈለገ፣ ማን ላይ ታየ፣ መቼ ሊወገድ ይችላል። የዋናዎቹን ጸሐፊዎች ስምና የላይሰንስ ፋይሉንም እንዳትነካ።

የኢንተርኔቱን ነገር አንስተሃል፤ ይገባኛል። ግን ይህ ሥራ ለዚህ ይመቻል። ኔት ባለ ሰዓት አንዴ ፌች አድርግ (አዲሱን ኮድ አውርድ)፤ ሪቤዙን፣ ማለትም ፓቹን በአዲሱ ላይ መልሶ መደርደሩን፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ ትጨርሳለህ። ጊት ውስጥ ያለውን «ሬሬሬ» የሚባለውን ነገር አብራው፤ አንዴ የፈታኸውን ኮንፍሊክት (የለውጦች ግጭት) ያስታውስልሃል።

ሲቪህ ላይ «ኦፕን ሶርስ እወዳለሁ» አትበል። እንዲህ በል፦ «ለሊኑክስ የተሠራ የባክአፕ ፕሮግራምን በዊንዶውስ ላይ ለሁለት ዓመት ጠብቄአለሁ። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ከባክአፕ እንዳይጎድሉ አድርጌአለሁ።» ኢንተርቪው ላይ የፎቶ ኮፒ ቤቷን ታሪክ እንዳለ ተናገር፤ ምን እንዳየህ፣ መጀመሪያ ምን መስሎህ እንደተሳሳትክ፣ በምን እንደደረስክበት። አፑንም ከፈለግህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞክረው፤ አልከለክልህም።

ሰባተኛውን ፓች በዚህ ሳምንት ላክና ምን ብለው እንደመለሱልህ ጻፍልኝ። ካልተቀበሉትም የሰጡህን አስተያየት እንዳለ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።