የሰው ገመና በቴሌቪዥን መስኮት

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ማታ ጎረቤቶቼ ለቡና እኔ ቤት ሲሰበሰቡ ባልና ሚስት ካሜራ ፊት የሚካሰሱባቸውን፣ የልጅ አባት በዲኤንኤ ምርመራ የሚለይባቸውን ፕሮግራሞች እናያለን፤ የ14 ዓመት ልጄም አብራን ትቀመጣለች። የሰውን መከራ እንዲህ በጉጉት መከታተላችን ክፋት ይሆን? ከባሏ የተጣላች አንዲት ጎረቤቴም «እኔስ ለምን ቴሌቪዥን ላይ ወጥቼ አልናገርም?» ማለት ጀምራለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉጉቱ ራሱ ክፋት ነው ለማለት አልደፍርም። በወሎ የባልና የሚስት ጠብ የጎረቤት ጉዳይ ያልሆነበት ጊዜ የለም፤ ቡና ላይ ይወራል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ሲብስም ዱዓ ይደረግበታል። የሌላው ቤት ሲናጋ እያየ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» የማይል ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ልዩነቱ ያለው ከሰሚው ግዴታ ላይ ነው። ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ቃል እስከ መጨረሻው ያደምጣል፣ የሰማውን ገመና ይሸፍናል፣ ነገሩ ካልበረደም ተመልሶ ይመጣል፤ የቴሌቪዥን ተመልካች ግን ታረቁም ተፋቱም ምንም ዕዳ የለበትም፣ የሚያየውም ሌላ ሰው ቆርጦ የቀጠለውን ነው።

መቁረጡና መቀጠሉ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ፒቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1973 የካሊፎርኒያውን የላውድ ቤተሰብ ኑሮ በ12 ክፍል ሲያቀርብ፣ ሚስትየዋ ፍቺ ፈልጋ ባሏን ከቤት እንዲወጣ ስትነግረው ሚሊዮኖች ተመልክተዋል። የተቀረጸው ወደ 300 ሰዓት የሚጠጋ ሲሆን ለሕዝብ የደረሰው 12 ሰዓት ያህሉ ብቻ ነበር፤ ቤተሰቡም ክፉ ክፉው ተመርጦ ቀረበብን ሲል አማሯል።

በብሪታንያ ነገሩ ከዚህም ከፍቷል። አይቲቪ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲያሳየው የነበረውን፣ ባለትዳሮችና ቤተሰቦች የሚካሰሱበትን የጄረሚ ካይል ሾው በ2019 ያቋረጠው፣ ለፍቅረኛው ታማኝ መሆኑን በውሸት መመርመሪያ ሊያስመሰክር የቀረበ እንግዳ ምርመራውን ወድቀሃል ተብሎ ከተቀረጸ ከቀናት በኋላ ስለሞተ ነው። መሣሪያው የሚለካው የልብ ምትን፣ አተነፋፈስንና የቆዳን ላብ እንጂ ውሸትን አይደለም፤ እውነት ተናግሮ የደነገጠ ሰውም ሊወድቅበት ይችላል። (እኛ ሶፋ ላይ ሆነን «ድሮም ዐይኑ ያስታውቃል» የምንለው በዚህ ተማምነን ነው።) ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ጣቢያዎች ለተሳታፊዎች ደኅንነት እንዲጠነቀቁ የሚያስገድድ ደንብ በ2021 ሥራ ላይ አውሏል።

ልጅዎን ከቡናው ማስነሣት ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። ፕሮግራሙ ላይ ስሙ ስለሚነሣው ልጅ ግን ይጠይቋት፤ ፈቃዱን ማን ጠየቀው? ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ ጓደኞቹ ምን ይሉታል?

ለጎረቤትዎም ይህንኑ ያንሡላት። እሷ ከባሏ ጋር ብትታረቅ እንኳ የተናገረችው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ይኖራል፣ ልጆቿም ያዩታል። የሁለቱንም ቤተሰብ የሚያውቁ፣ ምስጢር የሚይዙ ሽማግሌዎችን ትምረጥ፤ ፍርድ ቤትም ቢሆን ባልና ሚስትን ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመልስ ይችላል። ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለበት ግን ሽማግሌም ቴሌቪዥንም ሳትጠብቅ ወደ ፖሊስ ትሂድ፤ ብቻዋን መሄድ ከከበዳት እርስዎ አብረዋት ይሂዱ።