አንድ የትእዛዝ አማራጭ ለሥራ ፍለጋ ይጠቅማልን?

ውድ እህታችን፣

የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንሽንና በክላውድ ዘርፍ መሥራት እንደምትፈልጊ፣ ለዚህም ኪውኢሙ-ኢሜጅ (qemu-img) በተባለው፣ የቨርቹዋል ዲስክ ፋይሎችን (የዲስክ ምስሎችን) በሚፈጥርና በሚያስተካክል መሣሪያ ላይ አንድ አዲስ የትእዛዝ መስመር አማራጭ (ከትእዛዙ ጋር ተጽፎ አሠራሩን የሚቀይር ቃል) ለመጨመር እንዳሰብሽ ጽፈሽልናል። ጓደኞችሽ «ይህ ለቀጣሪ የሚታይ ሥራ አይደለም፤ ድረ ገጽ ብትሠሪ ይሻላል» ማለታቸው እንዳሳሰበሽም ገልጸሻል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ሪሳይዝ (resize) የተባለውን፣ የዲስክ ምስልን መጠን የሚቀይረውን ንዑስ ትእዛዝ ተመልከቺ። የዲስክ ምስልን መጠን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ሽሪንክ (--shrink) የሚለውን አማራጭ ካልጻፈ መሣሪያው ሥራውን አይፈጽምም፤ ከአዲሱ መጠን በላይ ያለው መረጃ ሁሉ ይጠፋልና። አማራጩ በኮዱ ውስጥ እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዝ ተለዋዋጭ ቢሆንም፣ በስሕተት የተጻፈ አንድ ቁጥር የድርጅትን ዳታቤዝ እንዳያጠፋ ይከላከላል። ይህን የሚያስብ ባለሙያ ማግኘት ለቀጣሪ ትልቅ ነገር ነው።

በሲ ቋንቋ አዲሱን ስም በአማራጮች ሰንጠረዥ ውስጥ ማስመዝገብ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ አማራጩ ከየትኞቹ ጋር እንደሚጋጭ መለየትና በእርግጥ የመሣሪያው መሆን አለመሆኑን መወሰን ነው፤ ለምሳሌ ኪውካው2 (qcow2) በተባለው የዲስክ ምስል ቅርጸት 64 ኪሎባይት መነሻ ዋጋ ያለው የክላስተር (መረጃው ተከፋፍሎ የሚቀመጥበት ቁራጭ) መጠን የቅርጸቱ ጉዳይ ስለሆነ፣ የቅርጸት ምርጫዎችን በሚቀበለው ኦ (-o) አማራጭ በኩል ይሰጣል እንጂ የራሱ አማራጭ የለውም። መሣሪያው የሚገኝበት የኪውኢሙ ፕሮጀክት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ በመሆኑ ብዙ ስክሪፕቶች በነባሩ ባሕርይ ላይ ተመሥርተዋል፤ ስለዚህ አማራጩን ያልጻፈ ሰው ምንም ለውጥ ሊያይ አይገባም።

መመሪያውንና የሙከራ ኮዱን አብረሽ ጻፊ፤ ያለ እነርሱ ሥራው ጎዶሎ ነው። ገምጋሚዎች እርማት ሲጠይቁሽ አትከፊ፤ የመጀመሪያውንና የታረመውን ቅጂ አስቀምጪ፣ ምክንያቱም በቃለ መጠይቅ ላይ ለምን እንደቀየርሽ ማስረዳት ከኮዱ ባልተናነሰ ችሎታሽን ያሳያል። በሲቪሽም ላይ «አማራጭ ጨመርሁ» ብለሽ አትለፊው፤ ተጠቃሚው ከዚያ በፊት ማድረግ ያልቻለውን ነገር ጥቀሺ።

ኮድ ከመጀመርሽ በፊት ግን በማያስፈልግሽ ምስል ላይ ክሪኤት (ምስል መፍጠሪያ)፣ ኢንፎ (የምስሉን መረጃ ማሳያ)፣ ኮንቨርት (ቅርጸት መቀየሪያ) እና ሪሳይዝ የተባሉትን ንዑስ ትእዛዞች ደጋግመሽ ሞክሪ፤ ከዚያ የጎደለውን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ የፕሮጀክቱን ኃላፊዎች ሐሳብ ጠይቂ። አያስፈልግም ቢሉሽ፣ ሙከራ የሌለውን ነባር አማራጭ ፈልገሽ ሙከራ ጻፊለት።